ሁለት ቀዳዳ ተረፈኝ

አናጺው የመጨረሻዋን ነጭ ኳስ በዘንጓ ላይ ሰክቶ በአውራ ጣቱ ገፋ ሲያደርጋት፣ ሌባ ጣቱ ከአንድ ጥቁር ኳስ ጎን ያለ ቀዳዳ ውስጥ ገባች። ባዶ ቀዳዳ። ጣቱን እዚያው እንደ ተከለ ቆሞ ሥራውን ዙሪያውን አየው። ከጥቁሩ ኳስ አጠገብ ያለው ቀይ ኳስም እንደዚሁ አንድ ቀዳዳ ከፍቶ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

“ሁለት ተረፈኝ” አለ ለራሱ።

እንጨት ሥራ ቤቱ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም፤ “ሚሊሜትር” ነው የሚሉት። በር ሲገጥም አንዲት ሚሊሜትር የተዛነፈች እንደ ሆነ ምሳው አይዋጥለትም። ለሌላ ሰው ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። ለእሱ ግን የተረፈ ቀዳዳ ማለት አፍ አውጥቶ የሚያሳጣ ምስክር ነው። ስለዚህ ሰጋቱራውን በክንዱ ጠራርጎ ከጠረጴዛው ላይ በእርሳስ ይደምር ጀመር። ጥቁር አሥራ ሦስት፣ አራት አራት ቀዳዳ። ሰማያዊ አምስት፣ ሦስት ሦስት። ቀይ ሰባት፣ ሁለት ሁለት። ነጭ ሃያ ሦስት፣ አንድ አንድ። ጠቅላላ መቶ አራት ቀዳዳ። ማያያዣዎቹን ቆጠረ፤ ሃምሳ አንድ። አንድ ማያያዣ ሁለት ቀዳዳ ይደፍናል፣ መቶ ሁለት። ደግሞ ቆጠረ። ያው መቶ ሁለት።

ሥራው የታዘዘው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ራሱ መጥቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ምስጢር እንደሚያወራ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረው። የባዮሎጂ መምህሯ ጡረታ ልትወጣ ነው። በሽኝቷ ቀን ሊሰጧት ያሰቡት ስጦታ፣ እሷው ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት በባዮሎጂ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የሳለችው ሥዕል በእንጨት ተሠርቶ፣ እጅ የሚጨብጠው ሆኖ ነው። ወደ አናጺው የመጣበት ምክንያትም ግልጽ ነበር። መምህሯ የአናጺው ታላቅ እህት ናት።

ሥዕሉ የፕሮቲን ነው። ፀጉራችንን፣ ጥፍራችንን፣ ጡንቻችንን የሠራው የዚያ ረጅም ሰንሰለት አንዲት ቁራጭ፤ አሚኖ አሲድ የሚባሉ አምስት ቁርጥራጮች ጫፍ ለጫፍ ተያይዘው። አናጺው አንድ ቅዳሜ፣ እህቱ በሌለችበት፣ ገብቶ በስልኩ ፎቶ አነሣው። መጀመሪያ ላይ የተጣለ ዶቃ ነበር የመሰለው። ሁለት ሦስት ቀን ሲያፈጥበት ግን ነገሩ እንጨት እንጨት መሽተት ጀመረ። እያንዳንዷ ቁራጭ ሁለት ጫፍ አላት፣ አንዱ ጫፍ ወንዴ፣ ሌላው ሴቴ፣ ልክ እሱ የወንበር እግር ከመቀመጫው እንደሚያጋጥመው። ናይትሮጅን ያለበት ጫፍ ኦክስጅኖች ወዳሉበት ጫፍ ይገባል እንጂ፣ ሁለት ወንዴ አይጋጠምም። ይህን ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ መግባት አላስፈለገውም።

ደንቡም እዚያው ከሥዕሉ ጥግ በእህቱ የእጅ ጽሑፍ በቢጫ ቀለም ተጽፏል። “ካርቦን አራት እጅ፣ ናይትሮጅን ሦስት፣ ኦክስጅን ሁለት፣ ሃይድሮጅን አንድ። እጁን አንጠልጥሎ የሚቀር የለም።” አናጺው “እጅ” የሚለውን ቀዳዳ ብሎ ተረጎመውና ሠራ። ሥዕሉ ላይ አንድ መስመር ባለበት አንድ የእንጨት ዘንግ ሰካ። ሁለት መስመር ባለበት ቀጥ ያለ ዘንግ አልገባለት ስላለ፣ ሁለት ቀጫጭን የጎማ ቱቦ ቆርጦ አጎንብሶ አገባ። በዚህ ብልሃቱ ለሁለት ቀን ያህል በራሱ ሲደሰት ከርሟል።

አሁን ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን አሰፋው። መሃለኛዋ ቁራጭ ላይ፣ በጥቁሩና በቀዩ መካከል፣ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው። በሌሎቹ አራት ቦታዎች፣ በዚያው ዓይነት ጥቁርና ቀይ መካከል፣ ሁለት ሁለት መስመር ተሥሏል። ስሕተቱ የእሱ አይደለም። የእህቱ ነው።

በሥራ ቤቱ ቫርኒሽ የሚቀባው ሽማግሌ ሻዩን ይዞ ቀረበ። ነገሩን ሲሰማ ሳቀና፣ ይህን ያህል መጨነቅ ምን አመጣው ብሎ ጠየቀ።

“ስቱኮ አግባበት፣ ቀለም ደርብበት፣ አለቀ። ነገ በዚያ ሁሉ ጭብጨባ መሃል ቀዳዳ የሚፈልግ ማን አለ?”

“እህቴ አለች፣ ጋሼ።”

ሽማግሌው እህቱን ያውቃታል፤ ሻዩን ፉት ብሎ ወደ ቫርኒሹ ተመለሰ።

እህቱን የማያውቅ የለም። በዘጠኝ ዓመት ትበልጠዋለች። እናታቸው ስትሞት እሱ አሥር ዓመቱ ነበር፣ እሷ ደግሞ የመምህራን ማሠልጠኛ ተማሪ። ሌሊት እያጠናች ቀን እየመገበች አሳደገችው። የእሷ ተስፋ እሱ ሐኪም እንዲሆን ነበር፤ እሱ ግን ከስምንተኛ ክፍል ደብተሩን ጥሎ እንጨት ሥራ ገባ። አንድ ዓመት ሙሉ አላናገረችውም። የታረቁት የመጀመሪያውን የመጻሕፍት መደርደሪያ ሠርቶ በሯ ላይ አስቀምጦላት የሄደ ዕለት ነው። ከዚያ ወዲህ ፍቅራቸው ጸንቶ ቢቀርም፣ በሁለቱ መካከል የሚያርመው ማን፣ የሚታረመው ማን እንደ ሆነ ተለይቶ የታወቀ ነው። የሰርጉን መጥሪያ ካርድ እንኳ በቀይ እስክርቢቶ አርማ ነው የመለሰችለት። ያንን ቀይ እስክርቢቶ ከእጇ ተቀብሎ እሷኑ ማረም ማለት፣ ለአናጺው፣ ወንዝን ወደ ላይ እንደ መግፋት ነበር።

ቤቱ ገብቶ ለልጁ ነገራት። ልጁ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፣ የአክስቷ ተማሪ። ሮጣ መማሪያ መጽሐፏን አመጣችና ገጹን ገለጠች። ጥቁሩና ቀዩ እንዲህ በተገናኙበት ሁሉ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ሁለት መስመር። ከዚያ የራሷን ደብተር ገለጠች፤ ከግድግዳው የገለበጠችው ሥዕል ላይ፣ መሃል ላይ፣ አንድ መስመር። ልጅቷ አፏን በእጇ ከደነች። የክፍሏ ልጆች በሙሉ፣ ከዚያ በፊት የነበሩትም ሁሉ፣ እንዲሁ ገልብጠው እንዲሁ እንዳለፉ አሰላችና አባቷን ለመነችው።

“አባዬ፣ በእናትህ አትንገራት። የመጨረሻ ቀኗ ነው።”

እናትየው ከማድ ቤት ሆና ስትሰማ ቆይታ የተለየ ሐሳብ አመጣች። ባይነግራትና አንድ ቀን ራሷ ብትደርስበት፣ ወንድሟ አውቆ ዝም እንዳላት ስታውቅ ይብስባታል አለች። አናጺው ለሁለቱም “እሺ” አላቸው።

ጠዋት ግን በስቱኮውም በቀለሙም ሳይነካው፣ ሥራውን በአንሶላ ጠቅልሎ፣ እንደ ሕፃን በሁለት እጁ አቅፎ ትምህርት ቤት ገባ። የግቢው ዘበኛ ሊያግዘው ቢል አልሰጠውም። እህቱ ባዮሎጂ ክፍል ውስጥ ቁም ሣጥኗን እያጸዳች ነበር። ጠረጴዛው ላይ የቆዩ የፈተና ወረቀቶች፣ የተሰበረ ማጉያ መነጽር፣ የደረቁ ቅጠሎች ተከምረዋል። ሻሿን ወደ ኋላ አሥራ እጅጌዋን ሰብስባለች።

“ምነው በጠዋቱ? ልጅቷ ደህና ናት?”

“ደህና ናት። ሁላችንም ደህና ነን።”

“ያ አንሶላ ውስጥ ያለው ምንድን ነው ታዲያ?”

“ስጦታሽ ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር የምታዪው።”

“አሁን ለምን አመጣኸው?”

አናጺው መንገድ ላይ ሲያዘጋጅ የመጣው ንግግር ነበረው፤ በይቅርታ የሚጀምር፣ መሃሉ ላይ “ሰው ነንና” የሚል። አንዱም አልመጣለትም።

“ሁለት ቀዳዳ ተረፈኝ፣ እታለም።”

አንሶላውን ገለጠው። እህቱ መነጽሯን ከደረቷ አንሥታ ዓይኗ ላይ አደረገችና በጣቷ ሰማያዊዎቹን፣ ከዚያ ቀዮቹን እየነካች ሄደች። ጎማዎቹ ላይ ስትደርስ ከንፈሯ ፈገግ ሊል ሲል፣ ጣቷ ቀዳዳዎቹ ላይ አረፈችና ፈገግታው ጠፋ። ቀጥሎ የወጣው ድምፅ የመምህር ድምፅ ነበር።

“ስትሠረስር ተሳስተህ ይሆናል። ኦክስጅኑ ላይ አንድ አበዛህ።”

“እኔ ቀዳዳ አልሳሳትም” አላት በቀስታ። “ከግድግዳሽ እንዳለ ነው የቀዳሁት።”

እህቱ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ዞራ ወደ ግድግዳው ሄደች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በእንጨት ዘንግ ከሩቅ ስትጠቁመው የኖረችውን ሥዕል፣ አፍንጫዋ ቀለሙን እስኪነካ ተጠግታ፣ በጣቷ መስመር በመስመር ትከተለው ጀመር። ጣቷ መሃለኛዋ ቁራጭ ላይ ቆመች።

“ካርቦን” አለች። “አንድ ወደዚህ፣ አንድ ወደ ናይትሮጅን፣ አንድ ወደ ኦክስጅን።” መልሳ ቆጠረች። “አራተኛዋስ የት ሄደች?”

ወንድሟ ኪሱ ውስጥ የነበሩትን ሁለት ጎማዎች አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠላት። ዘንጉን ነቅሎ እነዚህን ቢያገባ ሁለቱም ቀዳዳዎች እንደሚሞሉ፣ ልጅቷም በመጽሐፉ ላይ እንዳሳየችው እየተንተባተበ ነገራት። እህቱ ጎማዎቹን አየች። ግድግዳውን አየች። መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ አናጺው የምታለቅስ መስሎት ደነገጠ። ሳቅ ነበር። ከሆዷ የመጣ ሳቅ፣ ጉልበቷን የሚይዛት፣ ወንበር ፈልጋ እስክትቀመጥ ድረስ የማይለቃት ሳቅ።

“ተቆጣጣሪ መጥቶ አድንቆታል” አለች ዓይኗን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች። “ሦስት ርእሰ መምህር ከፊቱ ቆሞ ፎቶ ተነሥቷል። እኔ ራሴ ‘እጁን አንጠልጥሎ የሚቀር የለም’ እያልኩ እሰብካለሁ፣ ከጀርባዬ ሁለት እጅ ተንጠልጥሎ።”

“አልተናደድሽም?”

“በማን ልናደድ? በቀለሙ?” ደግሞ ሳቀች። ከዚያ ዘንጉን ነቅላ ጎማዎቹን ራሷ አገባቻቸው፤ አንደኛው አልገባ ብሎ ስትታገል አናጺው እጁን ሊሰነዝር ሲል ገፋችው። ገባላት። መቶ አራት ቀዳዳ ሞላ። ሰንሰለቱን አንሥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው፤ በእጇ ላይ ትንሽ እየተወዛወዘ ሕይወት ያለው ነገር መሰለ።

“ከስምንተኛ ክፍል የወጣህ ዕለት ምን እንዳልኩህ ታስታውሳለህ?”

“ድንጋይ ራስ አልሽኝ።”

“እንጨት ራስ ነው ያልኩህ።”

“እሱስ ልክ ነበርሽ።”

ሁለቱም አንድ ላይ ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ እህቱ እንጨቱን ጠረጴዛው ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠችና፣ እሱን ሳይሆን ኳሶቹን እያየች ተናገረች። ይህን ሁሉ ዓመት ልጆቹን ዓይናቸውን ብቻ ነበር የጠየቀቻቸው። አይተው ገለበጡ፣ ገልብጠው አለፉ። አንዱ በእጁ ይዞ ቢቆጥር ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት ይይዛት ነበር። “አንተ በእጅህ ስላነበብከው ነው” አለችው። እንዲህ ያለ ቃል ከእሷ አፍ ሰምቶ ስለማያውቅ፣ አናጺው የሚያደርገው ጠፍቶት አንሶላውን ማጠፍ ጀመረ። ጠርዝ ለጠርዝ አስተካክሎ አራት ጊዜ አጠፈው።

በዚህ መሃል ርእሰ መምህሩ ገባ። ስጦታው ሳይጋረድ፣ ያውም በመምህሯ ፊት ተቀምጦ ሲያይ ክው አለ። ጉዳዩ ሲነገረው ደግሞ የባሰ ላብ አጠመቀው። እንግዶች ሳይመጡ ገና ሦስት ሰዓት ስላለ፣ አሁኑኑ ነጭ ቀለም አስመጥቶ መስመሯን ማስገባት እንደሚቻል፣ ይህም በሦስታቸው መካከል ሊቀር እንደሚችል ተናገረ። ሥራ አስኪያጅ እንደሚያስበው አሰበ፤ ክፋት አልነበረበትም። መምህሯ ቀለሙ እንዲመጣ ተስማማች። መስመሯ ግን በእንግዶቹ ፊት እንጂ ከዚያ በፊት እንደማትገባ ነገረችው።

“እርስዎን ላሳፍር አልፈልግም” አላት።

“እኔ አላፈርኩም። እርስዎ ምን ቤት ነዎት?” አለችው እየሳቀች።

ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ሞላ። መቀመጫ ያጡት መስኮት ላይ ወጡ። የቀድሞ ተማሪዎች መጥተዋል፣ አንዳንዶቹ ጠጉራቸው የሸበተ። ርእሰ መምህሩ ንግግር አደረገ፤ ጥሩ ንግግር ነበር፣ ትንሽ ረዘመ። ቫርኒሽ ቀቢው ሽማግሌ እንኳ ንጹሕ ኮቱን ለብሶ ከበሩ አጠገብ ቆሟል። እንጨቱ ሲወጣ ጭብጨባው ጣሪያውን ነቀነቀው፣ አናጺውም ከኋላ ግድግዳ ተደግፎ ጆሮው እስኪቀላ አፈረ።

መምህሯ ተነሥታ አላመሰገነችም። ስታስተምር እንደኖረችው እጇን አንሥታ ጸጥ አሰኘቻቸውና፣ የመጨረሻ ፈተናዋን እንደምትሰጥ ነገረቻቸው። እንጨቱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። እንጨቱና ግድግዳው አንድ ቦታ ላይ አይስማሙም። የት እንደ ሆነ የሚነግራት ማን ነው?

የአናጺው ልጅ እንዳያመልጣት የነጠላዋን ጫፍ ነከሰችው። እንጨቱ ዞረ። ከቀድሞ ተማሪዎቿ አንዱ፣ ሽበታም ሐኪም፣ ይዞ አገላበጠውና ትከሻውን ሰብቆ አሳለፈው። ልጆች ቆጠሩ፣ ተከራከሩ፣ ተቀማሙ። በመጨረሻ እንጨቱ ከኋላ ረድፍ “ዝምተኛዋ” ከምትባል ልጅ እጅ ደረሰ። ዓመቱን ሙሉ እጇን አውጥታ አታውቅም። ጣቶቿ ከኳስ ወደ ኳስ ሄዱ፣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ቀና ብላ ግድግዳውን አየች፣ ደግሞ እንጨቱን። እጇን ያወጣችው እስከ ክርኗ ብቻ ነው።

“ቲቸር፣ መሃል ላይ ነው። ግድግዳው አንድ መስመር፣ እንጨቱ ሁለት።”

“ታዲያ ማንኛቸውን ታምኛለሽ?”

ልጅቷ መምህሯን አየች፤ ከዚያ፣

“እንጨቱን” አለች።

ክፍሉ በሳቅ ተደበላለቀ፣ ከሁሉም በላይ የሳቀችው መምህሯ ናት። ብሩሹን ከቀለሙ ነክራ ወንበር ላይ ስትወጣ፣ አናጺው ሰው እየጣሰ ደርሶ ወንበሩን በሁለት እጁ ያዘላት። ከጥቁሩ ወደ ቀዩ፣ ከአሮጌው መስመር ጎን፣ አዲሷን መስመር ሳበች።

“ወደ ግራ ዘመመ” አላት ከታች ሆኖ።

“ይዝመም” አለችው ዞር ሳትል።

ከጭብጨባው በኋላ ሰው ሁሉ ወደ ሻዩና ወደ ዳቦው ሲሄድ፣ ልጆቹ እንጨቱን ጠረጴዛ ላይ ከበው ቀሩ። የአናጺው ልጅ አንዱን ቁራጭ ከጫፍ ነቅላ ለጎረቤቷ ስትሰጥ፣ ያኛው በተሳሳተው ጫፍ ሊሰካው ታገለ፤ አልገባለትም። “ገልብጠው” አለችው ዝምተኛዋ፣ በዚያ ቀን ለሁለተኛ ጊዜ ተናግራ። ሲገለብጠው ገባ። አንዲት ነጭ ኳስ ወደቀችና ተንከባለለች፣ አራት ልጅ ተንበርክኮ ፈለጋት።

ርእሰ መምህሩ ይህን አይቶ ወደ አናጺው ተጠጋ። ኳሶቹ እንዲህ ከሆነ እስከ ወር አይቆዩም አለ። ቢሮው ውስጥ ባለ ቁልፍ የመስታወት ሣጥን አለ፤ እዚያ ቢቀመጥ ለእንግዳም ለታሪክም ይሆናል።

“ሳትሄድ መጋጠሚያዎቹን በሙሉ በኮላ አጣብቅልን። አንተ እጅ ላይ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።”

አናጺው የመሣሪያ ቦርሳው ትከሻው ላይ ነበር። ሙሉ የኮላ ጠርሙስ፣ ለዚሁ ሥራ ብሎ ጠዋት ያስገባው፣ ጎኑን እየነካው ነው። ልጆቹን አየ። ዝምተኛዋ ሁለቱን ጎማዎች ነቅላ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በጣቷ ብቻ ቀዳዳዎቹን ፈልጋ መልሳ ለማስገባት ትሞክራለች። አንዱን አገኘችው። ሁለተኛው አጠገቡ ነበር፤ ጣቷ አልፋው ሄደች፣ ተመለሰች።

“ኮላ አልያዝኩም” አለ አናጺው፣ ቦርሳውንም ከጎኑ ወደ ጀርባው ገፋ አደረገው።